ዳክዬን ከጓሮ መመገብ፤ ከብቅል እስከ አሸን

ባሕር ዳር ላይ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ከጎረቤቱ ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንደኛው «ይበላል እንዴ?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ እኔ የያዝኋቸው ለእንቁላላቸውና ለጓሮዬ ስል ነው፤ የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ይተው። ሁለተኛው «ታዲያ ምን ታበላቸዋለህ?» የሚለው ነው። ይህኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር አይመለስምና ቁጭ ብዬ ጻፍሁት።

አስቀድሜ ግን አንድ ወሬ ላፍርስ። ዳክዬ ሣር ግጣ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ያለ ወጪ ትኖራለች የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። አትመኑት። ቅጠል ዳክዬን ያጠግባታል እንጂ እንቁላል አያስጥላትም። ጓሮውም ማጀቱም በደንብ ከተያዙ ግን ከገበያ የሚገዛውን መኖ በክረምት በግማሽ፣ በበጋ በሩብ ያህል ይቀንሱላችኋል። በስድስት ዳክዬዎቼ ያየሁት ይህን ነው። ከዚያ በላይ ለመቀነስ የሞከርሁበት ጊዜም ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ጫጩቶቹ ናቸው። እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ከመኖው በፊት ውኃው

ዳክዬ ዶሮ አይደለችም። ዶሮ ጭራ ትለቅማለች፤ ዳክዬ በጠፍጣፋ መንቁሯ እየዛቀች ታጣራለች፣ ከውኃ ጋር ትውጣለች። ደረቅ ዱቄት ከሰጣችኋት መንቁሯ ላይ ይለጠፋል፣ ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መኖ ያለ ውኃ አይቀርብም፤ ሌሊት ውኃ ከሌለ መኖም አይኖርም።

ለትልልቆቹ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል። መንቁሯን ከነአፍንጫ ቀዳዳዋ፣ ቢቻል እስከ ዓይኗ ድረስ ነክራ መታጠብ አለባት፤ ይህን ካላገኘች አፍንጫዋ በጭቃና በመኖ ይደፈናል፣ ዓይኗም ይታመማል። ለጫጩቶች ግን ሳፋ ወጥመድ ነው። በተለይ ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ከሆኑ ከእናት ዳክዬ ላባ የሚያገኙት ቅባት ስለሌላቸው ቶሎ ይበሰብሳሉ፣ በብርድም ይሞታሉ። ለእነሱ ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ጠጠር ደርድሩና በጠጠሩ መካከል ውኃ ሙሉበት፤ መንቁራቸው ይገባል፣ ገላቸው አይገባም።

ሳፋውን ከመኖው ሦስት አራት እርምጃ አርቁት። አጠገቡ ካስቀመጣችሁት መኖው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሾርባ ሆኖ ሳፋው ውስጥ ይገኛል። የቆሸሸውን ውኃ አትድፉት፤ ጎመንና ሙዝ እንደሱ የሚወዱት ነገር የለም። የእኔ ሙዝ በዚሁ ውኃ ነው የሚያድገው፤ ከልጣጩም ከቅጠሉም ጥቂቱ ወደ ዳክዬዎቹ ይመለሳል።

መዝኑ፣ ከዚያ ዳስሱ

አንድ ያደገች ዳክዬ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። ስድስት ዳክዬ ማለት በቀን አንድ ኪሎ ግድም፣ በወር 30 ኪሎ ነው። መቀነስ ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት የምትሰጡትን በሚዛን መዝናችሁ ጻፉ። ሚዛን ከሌለ አንድ ጣሳ ለይታችሁ፣ ጣሳው ስንት ግራም እንደሚይዝ ሱቅ ሄዳችሁ አስለኩና ሁልጊዜ በዚያው ስፈሩ። በእፍኝ የሚመግብ ሰው ምን እንደቀነሰ አያውቅም።

ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ ማታ ማታ ሁለት ዳክዬ ያዙና ደረታቸውን ዳስሱ። በደረቷ መካከል ወደ ታች የሚወርድ አጥንት አለ። በሁለት ጎኑ ሥጋ ሞልቶ አጥንቱ በጣት ሲነካ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ደኅና ናት። እንደ ቢላዋ ጀርባ ሹል ሆኖ እጃችሁን ከወጋ ከጓሮ የሰጣችኋት ነገር ሆድ ሞላ እንጂ አካል አልሆነም፤ መኖውን መልሱላት። ላባ ሰውን ያታልላል፤ ከላይ ደልዳላ የምትመስል ዳክዬ ከሥር አጥንት ልትሆን ትችላለች።

መሠረቱን በቤት ማዘጋጀት

የተዘጋጀ የዶሮ መኖ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥሬውን ገዝቶ መቀላቀል ይረክሳል፣ ምን እንደገባበትም ታውቃላችሁ። እኔ ለሚጥሉት 10 ኪሎ የማዘጋጀው እንዲህ ነው፦ 4 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 3 ኪሎ ፉርሽካ፣ 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ 1 ኪሎ ተቆልቶ የተከካ አኩሪ አተር፣ 30 ግራም ጨው። የፕሮቲኑ መጠን 17 በመቶ ግድም ይወጣል፤ ለጣይ ዳክዬ የሚፈለገውም እሱ ነው። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 20 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚሹ ለእነሱ በቆሎውን ወደ 3 ኪሎ ዝቅ፣ አኩሪ አተሩን ወደ 2 ኪሎ ከፍ አድርጉ፤ አድቅቃችሁም ፍጩት።

አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት። ጥሬው ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለበት፤ ምጣድ ላይ እንደ ቆሎ ተቆልቶ፣ መካከሉ ሲሰበር ጥሬ ጥሬ ማለቱን ሲተው ይወጣል። ባቄላና አደንጓሬም ጥሬውን አይሰጥም፤ ተቀቅሎ ብቻ ነው። ጓያ ግን ተቀቀለም ተቆላም አትስጡ፤ ሰውን ሽባ የሚያደርግ እህል ለዳክዬም አይበጅም። ጎጃም ውስጥ ያላችሁ ግብጦን ልታስቡ ትችላላችሁ፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከአኩሪ አተር ይሻላል። ሰው ሲበላው የሚደረግለትን ሁሉ ግን ለዳክዬም አድርጉ፦ ቁሉት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃውን በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየለወጣችሁ ዘፍዝፉት፣ ቅመሱት። ምላሳችሁ ላይ ከመረረ ገና ነው።

ከፋጉሎ የኑጉ ይሻላል፤ ገለባው ስለሚበዛ ግን ከአምስት እጅ አንዱን አታሳልፉ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ውስጡ ያለው ጎሲፖል የሚባል መርዝ ለወፍ ዘር አይስማማም፣ የእንቁላሉንም አስኳል ያጠቁረዋል። ፎገራ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከወረታ የሩዝ ወፍጮዎች የሚወጣው የሩዝ ፉርሽካ ከስንዴው ጋር እኩል ሊገባ ይችላል። የላይኛውን ሻካራ ገለባ ሳይሆን ከሥሩ የሚወጣውን ለስላሳ ዱቄት ጠይቁ። ቅባት ስላለበት ቶሎ ይሻግታል፤ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ግዙ።

ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም ከመኖው ጋር አትቀላቅሉ። የደረቀና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ጠጠር ለብቻው በሳህን አኑሩ፤ ጣይዋ የሚያስፈልጋትን ታነሣለች፣ ወንዱና ጫጩቱ ይተዉታል። አጠገቡ ሻካራ አሸዋ ይኑር። ጥርስ ለሌላት ፍጡር ወፍጮዋ እሱ ነው።

እግር የሚያጣምመው ጉድለት

የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ያስፈለፈልሁት ዶሮ አሳቅፌ ነው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የዳክዬው 28 ቀን ይፈልጋል፤ ሙስኮቪ የሚባለው ዝርያ እንዲያውም 35። ዶሮዋ ታግሣ ዘጠኝ አወጣችልኝ። እኔም ቁጠባ ብዬ የበቆሎ ቅንጬና የቤት ፍርፋሪ፣ ከላይ የተከተፈ ጎመን አቀረብሁላቸው። በላተኞች ነበሩ፤ አሥር ቀን ሙሉ ደስ አሉኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት በር ስከፍት አራቱ ሮጠው መጡ፤ አምስቱ ግን ባሉበት ሆነው ክንፋቸውን አማቱ። ቀረብ ብዬ አንዷን ሳነሣት እግሯ ከጉልበቷ በታች እንደ ቅስት ጎብጧል፣ መገጣጠሚያዋ እንደ ሽምብራ አብጧል። በእግሯ መዳፍ ሳይሆን በመገጣጠሚያዋ ነበር ትሄድ የነበረው።

ጉድለቱ ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን ነው። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት አብልጣ ትፈልገዋለች፤ በአንድ ኪሎ መኖ 55 ሚሊ ግራም ያህል። በቆሎ ውስጥ ያለው ደግሞ ታስሮ የተቀመጠ ስለሆነ ሆዷ አይፈታውም። በቆሎ ብቻ የሚበላ ሰው ፔላግራ የሚባለው በሽታ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፋርማሲ የናያሲን ክኒን ገዝቼ በ4 ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ግራም ያህል አሟሟሁላቸው። ሦስቱ በሳምንት ውስጥ ቆሙ፤ ሁለቱ አልተነሡም። አጥንቱ ከጎበጠ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ሳይሆን ከጠላ ቤት ነው የማመጣው። የጠላ አተላ በእርሾ የተሞላ ነው፤ ከብት አድላቢዎች ለከንቱ አይሻሙበትም። ለዳክዬ ሲሆን ግን እንደወረደ አይሰጥም፤ አልኮልና ኮምጣጣነት አለበት። በወንፊት አጥልሉት፣ ጭላጩን ቆርቆሮ ወይም ሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። በሁለት ቀን ደርቆ ይፈረፈራል። ለአዋቂዎች ከአሥር እጅ መኖ አንድ እጅ ይግባ። ለጫጩቶች ግን በአተላ ብቻ አትተማመኑ፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ደረቅ የቢራ እርሾ ካገኛችሁ በአንድ ኪሎ መኖ 50 ግራም ጨምሩ፤ ከጠፋ ክኒኑን በውኃ። ዓሣና የስንዴ ፉርሽካም ያግዛሉ።

ለስሙ አንድ ከሆነው ከቡና አተላ ጋር እንዳይምታታባችሁ። የቡና አተላ ለዳክዬ አይሰጥም፤ ካፌይኑ ልብ ይመታል። ቦታው ትል ማርቢያው ነው።

ብቅል፣ ሳይደርቅ

ብቅል ማብቀል የምታውቅ እናት የሌለችበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ለዳክዬ የሚሆነው ከጠላው የሚለየው አለመድረቁ ብቻ ነው። እህል ሲበቅል ቫይታሚኑ ይጨምራል፣ ለመፈጨትም ይቀላል። ኪሎው ሲጨምር ግን አትደነቁ፤ የጨመረው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ገብስ በቅሎ ሁለት ኪሎ ቢሆንም የምግቡ መጠን ያው የአንድ ኪሎ ገብስ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል።

ማታ አንድ ኪሎ ገብስ ወይም ስንዴ ልቀሙ። በተለይ እንክርዳዱን አውጡ፤ የሚያንገዳግደው ሰውን ብቻ አይደለም። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል፣ ያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ፈጽሞ አይነካም። እህሉን እስኪነጋ ዘፍዝፉ። ጠዋት አጥልሉና ኮባ ቅጠል ላይ በሁለት ጣት ውፍረት ዘርግታችሁ በሌላ ኮባ ሸፍኑ፤ የጉሎ ቅጠል አትጠቀሙ፣ ጉሎ ዳክዬ በምትደርስበት ቦታ ሁሉ አያስፈልግም። ጠዋትና ማታ ውኃ እርጩበት፣ በእጃችሁም ገልብጡት። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥር ያወጣል፣ በአራተኛው ሥሩ እርስ በርስ ይያያዛል። ስጡ። ቅጠሉ አረንጓዴ እስኪሆን መጠበቅ ያምራል እንጂ አይመግብም።

ሲገለጥ የሚሸተው እንደ ትኩስ ዱባ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ሻጋታ ካበጀ ወይም አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ካለው ሙሉውን ወደ ፍግ ጉድጓድ ጣሉት። «ከላይ ከላዩን ላንሣና ልስጥ» አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራ ስለ ሻጋታ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከአጥር ጥግ የሚለቀመው

ክረምት ላይ የሚታረም ሁሉ ለዳክዬ አይጣልም፤ ግን ብዙው ይሆናል። ማገጥ ከሁሉ በላይ ነው፤ ፕሮቲን አለው፣ ለስላሳ ነው። አሉማ ሳያፈራ በለጋው፣ ጎርጤብ፣ ለጋ ሰርዶ፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የሐበሻ ጎመን የታችኛው ቅጠል፣ ሽፈራው። ሳማ በብረት ድስት ፈላ ያለ ውኃ ይፍሰስበትና መለብለቡን ሲተው ይሰጥ፤ ሰው በክፉ ቀን የበላው ቅጠል ነው። ቆስጣ በመጠኑ ብቻ፤ ካልሲየም ይይዝባቸዋል፣ የምትጥል ዳክዬ ደግሞ ካልሲየም አይተርፋትም።

አሰጣጡ ከዓይነቱ እኩል ነው። ዳክዬ ቅጠል ይዛ አትቀነጥስም፤ ረጅም ሣር ከዋጠች ጉሮሮዋ ወይም ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ስለዚህ በጣት ጫፍ ልክ ከትፉ። ከዚያ ሳፋው ውኃ ላይ በትኑት። መሬት ላይ ረግጠው የሚተዉትን ያንኑ ቅጠል ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ካዩት አንዲት አያስቀሩም።

የማይሆኑትን በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁ፦ ጉሎ፣ አስተናግር፣ የወፍ ቆሎ፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ልጣጭና ፍሬ። የጫት ማሳ ጠርዝ ላይ የበቀለ ሣር የቱንም ያህል ቢለመልም እለፉት፤ ጫቱ ሲረጭ እሱም ተረጭቷል። የመኪና መንገድ ዳርም እንዲሁ ነው።

እንዶድ ለብቻው ይነገር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድለውን ኃይሉን ለዓለም ያሳወቁት። ዳክዬዎቻችሁ ቀንድ አውጣ ለቃሚዎች ናቸው፤ እንዶድ የታጠበበት ውኃ ወደ እነሱ ኩሬ ቢወርድ የሚለቅሙትንም ይገድላል፣ ለእነሱም አይበጅም። ልብስ ማጠቢያውን በሌላ በኩል አድርጉ።

የምትንሳፈፈው ቅጠል

አዞላ የምትባል በውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ደቃቅ ተክል አለች። ጥላ ባለበት ቦታ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ላስቲክ አንጥፉ፣ ሁለት አካፋ የተነፋ አፈርና ግማሽ ባልዲ በውኃ የተበጠበጠ የከብት እበት ጨምሩ፣ ውኃ ሙሉ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ እፍኝ አዞላ በትኑ። ላዩን ስትሸፍን በየሁለት ቀኑ ሲሶውን አንሡ፣ በንጹሕ ውኃ እጠቡና ስጡ። በየሳምንቱ አንድ ጭብጥ እበት ካላደሳችሁላት ትቀላለች፣ ትከሳለች።

ስለ አዞላ ብዙ ይጋነናል። ደርቃ ስትመዘን ፕሮቲኗ ከ20 በመቶ በላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ እርጥብ አዞላ ቢደርቅ የሚቀረው 60 ግራም ግድም ነው። ዳክዬ በአዞላ ብቻ ለመጥገብ ቀኑን ሙሉ ብትውጥ አይበቃትም። ጥሩ ጭማሪ ናት፣ መሠረት አይደለችም።

ጉድጓዱ ከጣና፣ ከዓባይና ከመስኖ ቦይ የራቀ ይሁን፤ በጎርፍም ቢሆን የምትወጣበት መንገድ አይኑር። እምቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ ያደረሰውን ያየ ሰው ተንሳፋፊ ተክል ይዞ ወደ ሐይቅ አይጠጋም። «እምቦጩንስ ለምን አንሰጣቸውም?» የሚሉኝ አሉ። ውኃ ብቻ ነው፣ ግንዱ ጠጣር ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ብረታ ብረትና ቆሻሻ ይመጥጣል። የከተማ ፍሳሽ የሚገባበትን ዳርቻ እምቦጭ ወደ እንቁላል ማዞር አልፈልግም።

በእግሩ የሚሄደውና በክንፉ የሚበርረው

ዳክዬን ዳክዬ የሚያደርጋት ይህ ነው። ጎመን መደብ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ብትለቋቸው ቀንድ አውጣውንና ትሉን ለቅመው ይጨርሳሉ። ከዚያ አስወጧቸው፤ ሁለተኛው ሰዓት የሰላጣው ነው። ችግኝ ወዳለበት መደብ አታስገቧቸው፤ ባይበሉት እንኳ በዚያ ሰፊ እግራቸው ይደፈጥጡታል። ከሐይቅ ዳር ወይም ከመስኖ ቦይ ቀንድ አውጣ ለመልቀም ግን ባዶ እግራችሁን ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ የቢልሃርዝያ መገኛ እዚያ ነው። በዱር ዳክዬዎች መዋያ የሚለቀም ነገርም ይቅር፤ በሽታ ይዞ ይመጣል። የእናንተ ዳክዬ ፈንግልን ሳትታመም ተሸክማ ለጎረቤት ዶሮ ልታደርስ ትችላለችና።

የዓመቱ ትልቁ ድግስ አሸን፣ ያ ክንፍ ያወጣ ምስጥ፣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጥለው ያባሩ ዕለት፣ ሲመሽ፣ በር ላይ ያለው አምፖል ይበራል። ከሥሩ ሳፋውን ውኃ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ይመጣሉ፣ ከዚያ አየሩ ይሞላል፤ «እንደ አሸን ፈላ» የሚባለው ያን ጊዜ ይገባችኋል። ብርሃኑን ዞረው ዞረው ክንፋቸው እየረገፈ ሳፋው ላይ ይወርዳሉ። ዳክዬዎቹን ያን ቀን ቶሎ አላስገባም። አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚበርረውን ይከተላሉ፣ ከዚያ ውኃው ላይ መንቁራቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። በማግሥቱ መኖ ሳቀርብላቸው ገልመጥ አድርገውኝ ይሄዳሉ። የተረፈውን አሸን ምጣድ ላይ አድርቄ በማሰሮ አስቀምጣለሁ፤ ለጫጩቶች ነው።

አሸን በሌለበት ጊዜ ምስጥ አለ። የተሸነቆረ እንስራ ወይም አሮጌ ማሰሮ በረጠበ ገለባና በእበት ሞልታችሁ ምስጥ በሚሄድበት ቦታ ማታ ድፉት፤ ላዩን በሣር ሸፍኑ። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ አንሡና ዳክዬዎቹ ፊት አራግፉት። ቤታችሁ ከጭቃና ከእንጨት ከሆነ ከግድግዳው ራቅ አድርጉ፤ ምስጥ መጋበዝ በልክ ነው።

የምድር ትል ማርባት ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። በሣጥን ውስጥ የበሰለ እበት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እርጥብ ካርቶን፤ ከላይ ጆንያ። ሦስት ወር ሳትነኩ ተዉት። ሣጥኑ ከዳክዬዎቹ ግቢ ይራቅ፤ ኩሳቸው ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በምድር ትል በኩል ተመልሶ ወደ እነሱ እንዳይመጣ።

ዓሣን በተመለከተ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚሰነጥቁትን ልጆች ልመዷቸው። የቆሮሶና የአምባዛ ራስና አከርካሪ ብዙ ጊዜ ለአሞራ ነው የሚተርፈው። የአምባዛውን የጎን ክንፍ እሾህ አውጡ፤ ጉሮሮ ይበሳል። የቀረውን ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ፣ አጥንቱ በእጅ ሲፈርስ ከፉርሽካ ጋር አሹት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንዲት ዳክዬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ካበዛችሁት እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ደንበኛ ታጣላችሁ።

ሥጋ አሽትቶ ትል ማውጣት የሚመክር ሰው አለ። እሱን እለፉት። የበሰበሰ ሥጋና የረጋ ውኃ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ያበቅላሉ፤ የተመረዘች ዳክዬ አንገቷን መሸከም አቅቷት እንደ ጨርቅ ትዘረጋዋለች። በግቢያችሁ የሞተ አይጥ ካገኛችሁም ያኔውኑ ቅበሩት።

ከማጀት የሚተርፈው

ወጥ ያልነካው እንጀራ ቆራርሳችሁ፣ በውኃ አርሳችሁ መስጠት ይቻላል፤ ለስድስት ዳክዬ በቀን አንድ ግማሽ እንጀራ ይበቃል። ወጥ የነካውን ግን ተዉት። ምክንያቱ በርበሬው አይደለም። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል የሚሰማ ነገር የላቸውም፤ ሚጥሚጣ ብትነሰንሱባቸው ግድ አይሰጣቸውም። ችግሩ ጨው፣ ዘይትና ሽንኩርት ነው። ዱባ ግን ይብዛላቸው፦ ከነፍሬው ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጣሉላቸው፣ ሣጥን የሚያህል ዱባ በሁለት ቀን ልጣጭ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የተቀቀለ ድንች፣ ፓፓያ፣ የካሮት ቅጠል ጥሩ ናቸው።

እርጥብ የሆነ ማንኛውም ነገር ጠዋት ተሰጥቶ ማታ ይነሣ። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ እርጥብ ፉርሽካ ከሰዓት በኋላ ይቦካል።

በጋውና ጎተራው

ከኅዳር በኋላ አጥር ጥጉ ይደርቃል፣ ጓሮው ዝም ይላል። ለዚያ ጊዜ ሁለት ነገር በክረምትና በመስከረም ይዘጋጃል። አንዱ ድርቆሽ ነው፤ የእንጀራውን ማለቴ አይደለም። ማገጥና ሽፈራው ጥላ ውስጥ ተሰጥቶ፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ደርቆ፣ ተፈርክሶ በጆንያ ይቀመጣል። በበጋ ሲሰጥ በሞቀ ውኃ ይነከርና ከመኖው ጋር ይቀላቀላል፤ ለአሥር እጅ መኖ አንድ እጅ። ሌላው የአውድማ ግርድ ነው። ገበሬው አንፍሶ የሚጥለው የተሰበረ ስንዴና ገብስ፣ የማሽላ ቅንጣቢ፣ በርካሽ ይገኛል። እዚያ ውስጥ ነው እንክርዳድና የአስተናግር ፍሬ የሚደበቀው፤ የአስተናግሩ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ ነው። በነጭ ጨርቅ ላይ በትናችሁ ሳታዩ አንድ እፍኝ አትስጡ።

አሁን ስለ ሻጋታው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪዎች አለቁ፤ ዳክዬ ጫጩቶችም አብረው። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝም በዚያ ታወቀ። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዷ የዳክዬ ጫጩት ናት። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ማጠብም መቀቀልም አያጠፋውም፤ ላዩን ጠርጎ መስጠት ከንቱ የሆነውም ለዚህ ነው። እኛ ቤት የሚመጣው በለውዝና በኑግ ፋጉሎ፣ በደንብ ሳይደርቅ በተከመረ በቆሎ ነው። በቆሎ በጥርስ ሲነከስ ድንጋይ ካልሆነ አልደረቀም። ጆንያው መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይደገፍ፤ ከሥሩ ሁለት እንጨት አጋድሙ። ፋጉሎ ስትገዙ ሰብራችሁ መካከሉን አሽቱ፤ ምድር ቤት ምድር ቤት ካለ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

ከዚህ በኋላ የሚያስተምራችሁ እንቁላሉ ነው። አስኳሉ ብርቱካናማ ሲሆን ቅጠል እየደረሳቸው ነው። ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ከሆነ የቅርፊቱ ሳህን ባዶ ሆኗል ወይም ቆስጣው በዝቷል። መጣል አቁመው ላባ ማራገፍ ከጀመሩ የታመሙ መስሏችሁ አትደንግጡ፤ ላባ የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና ያን ወር ከጓሮው ቀንሱ፣ ከፋጉሎና ከዓሣው ጨምሩ። እኔ ማሰሮ ውስጥ ካስቀመጥሁት ደረቅ አሸን የተረፈ ካለ ያን ጊዜ አወጣዋለሁ።